ስብ መቃጠል የሚጀምረው ከ20 ደቂቃ እንቅስቃሴ በኋላ ነው?

አይደለም። ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ አንዴ ግልጽ እናድርገው። ሰውነት ስብንና ስኳርን ጎን ለጎን ነው የሚጠቀመው፤ ተኝተን እንኳ ስብ ይቃጠላል። የሚለዋወጠው የሁለቱ ድርሻ ነው።

ቀስ ብለን ስንራመድ የስብ ድርሻ ያይላል። ፍጥነት ስንጨምር ግን ጡንቻ ጉልበት ቶሎ ይፈልጋል፤ ከስብ ጉልበት ማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር (ግላይኮጅን) ይቀድማል። እንቅስቃሴው ሲረዝም ግላይኮጅኑ እየሳሳ ይሄድና የስብ ድርሻ በዝግታ ይጨምራል። የ20 ደቂቃው ወሬ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ መብራት በዚያች ደቂቃ ቦግ የሚል ነገር ግን የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድርሻንና መጠንን ሲያምታታ ነው። ግማሽ ሰዓት ተራምደን 150 ካሎሪ ብናወጣና 60 በመቶው ከስብ ቢሆን፣ 90 ካሎሪ ነው። ግማሽ ሰዓት ሮጠን 350 አውጥተን 35 በመቶው ብቻ ከስብ ቢሆን ደግሞ 122 ገደማ ይሆናል። (ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ እንደ ሰውየው ክብደት፣ እንደ ልምምዱና ቀደም ብሎ እንደበላው ይለያያሉ።)

ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ትቶ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚያወጣው ካሎሪ ከሚያስገባው መብለጡን ይይ።