ኢንተርኔት መዝጋት ምንድን ነው?

እኛ "ኔት ጠፋ" ነው የምንለው፤ እንደ መብራት፣ እንደ ውኃ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ግን የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ተዘግቶ ነው። አዲስ አበባ ያለው ስልኩን እያጠፋ ሲያበራ፣ ውጭ ያለው ዘመድ የላከው መልእክት አንድ ራይት ብቻ ይዞ ቀረ። ነገሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ።

ኢንተርኔት መዝጋት ማለት ባለሥልጣን ሆን ብሎ መስመሩን ሲያቋርጥ ወይም ሲያዳክም ነው። ብዙ ጊዜ ገመድ የሚቆርጥ የለም። ለቴሌ ኩባንያዎች ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፣ እነሱም የሞባይል ዳታውን ያጠፋሉ። ቪፒኤን፣ እገዳን በሌላ መንገድ ዞሮ የሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ የሚሠራው ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ተለይቶ ሲታገድ ነው፤ መስመሩ ራሱ ከሌለ በምን ይሻገራል? ለእኔ ከሁሉም ተንኮለኛው ማቀዝቀዙ ነው፦ ጽሑፍ ያልፋል፣ ቪዲዮ አይወጣም፣ መንግሥትም "አልዘጋንም" ይላል።

የመብት ተሟጋቾች ጉዳዩን ከተቃውሞ አፈና ጋር የሚያያይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2019 ካርቱም ውስጥ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች በጥይት ተበተኑ፤ ከመቶ በላይ ሰው መሞቱን የሱዳን ሐኪሞች ተናገሩ። የሞባይል ኢንተርኔትም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ቪዲዮ የቀረጸው ሰው ማስረጃውን በኪሱ ይዞ ቀረ፤ ቁስለኛ የሚፈልግ ቤተሰብም የት ይጠይቅ?

አንድ ሱዳናዊ ጠበቃ ግን የስልክ ኩባንያውን ከሰሰና ረታ። ችግሩ ክሱን ያቀረበው በራሱ ስም ብቻ መሆኑ ነበር፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ያስከፈተለት የእሱን መስመር ብቻ ነው። አገር ሙሉ ተዘግቶ እሱ ብቻ ኢንተርኔት ይጠቀማል! ጠበቃው ግን በዚህ አልረካም፤ ለሌሎችም እንዲከፈት ተመልሶ ተሟገተ። በጁላይ 9 አገልግሎቱ ለሕዝቡ ተመለሰ።

ከውጭ ሆነው የሚታገሉትም አሉ። አክሰስ ናው የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 "ኪፕ ኢት ኦን"፣ እንደ እኛ አባባል "አትዝጉት"፣ የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች አሉበት። ምርጫ ሲቃረብ ለመንግሥታት ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ መዘጋቱን ይመዘግባሉ። እንደ ኔትብሎክስ ያሉት ደግሞ የአገሩን የመረጃ ፍሰት ከሩቅ ይለካሉ፤ መስመሩ በየትኛው ሰዓት እንደወደቀ ግራፉ ስለሚያሳይ "የቴክኒክ ብልሽት ነው" ማለት ከባድ ሆኗል።

ግራፍ ብቻውን ግን አያስቀጣም። ቶጎ በሴፕቴምበር 2017 ሕዝቡ ሰልፍ ሲወጣ ኢንተርኔት ዘጋች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቶጎና ሌሎች ከሳሾች ጉዳዩን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ማኅበረሰብ፣ ወደ ኤኮዋስ ፍርድ ቤት ወሰዱት። መንግሥት "የአገር ደኅንነት" አለ። ዳኞቹ ለመዝጋት የሚፈቅደው ሕግ የት እንዳለ ፈለጉ፤ አላገኙም። ጁን 25 ቀን 2020 መዝጋቱ ሐሳብን የመግለጽ መብት ይጥሳል ብለው ፈረዱ፤ ለከሳሾቹም 2 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ እንዲከፈል አዘዙ።