ስቲከር ከመኪና ላይ ስለማንሳት፦ የሚወራውና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ስቲከር ያልነካው መኪና ማግኘት ይከብዳል። ሚኒባሱ የቅዱሳን ሥዕልና የእንግሊዝ ክለብ አርማ ጎን ለጎን ለጥፎ ይሄዳል። በስልክ የሚጠራው ታክሲ የድርጅቱን ስም ስፖርቴሎው (በሩ) ላይ ተሸክሟል። ያገለገለ መኪና የገዛ ደግሞ የቀድሞውን ባለቤት ማስታወቂያ አብሮ ይወርሳል። ይነሳ የተባለ ቀን ታዲያ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ምክር የማይሰጥ የለም። ችግሩ ምክሩ ነው። ስቲከሩ ብቻውን ቀለሙን ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው አነሳሱ ነው።

ቀለሙ ምን ያህል ስስ እንደሆነ እንይ። የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ውፍረት አለው። ከላይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ቀለም አልባ ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ የሰው ፀጉር እንኳ ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል።

«ቤንዚን የማያነሳው ሙጫ የለም»

ሙጫውንስ ያነሳል። ግን ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። የአዲስ አበባ ብርድ አያስቆመውም ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። በጋራ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ከሰል አያይዛ ቡና እያፈላች ከሆነ ቀሪውን መገመት አያቅትም። በዚያ ላይ የመስኮቱን ጎማ ያሳብጣል። ነጭ ጋዝ ከእሱ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይተናል፣ በቶሎም አይያያዝም። እሱም ቢሆን በጨርቅ ጫፍ ተነክሮ፣ ከእሳት ርቆ፣ በመጨረሻም በሳሙና ታጥቦ ነው።

«ቲነር የቀለም ዕቃ ነው፣ ቀለም አይጎዳም»

ይሄኛው አመክንዮው የተገለበጠ ነው። ቲነር የቀለም ዕቃ የሆነው ቀለም ስለሚያቀጥን ነው። ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የተጋገረ ቀለም ለአፍታ ቢነካው ሊችለው ይችላል። የከተማችን መኪና ግን ስንቱ ነው በፋብሪካ ቀለሙ ያለው? አንዱ ፓራውልት (መከላከያ) ተቀብቷል፣ አንዱ ስፖርቴሎ ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሙያ) ጠጥቷል፣ ኮፈኑ ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የተረጨ ቀለም ቲነርን ትንሽ ይቋቋማል። በመትነን ብቻ የደረቀ ቀለም ግን ቲነር ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። በዓይን ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የትኛውንም ፈሳሽ ከመጠቀም በፊት መሞከር ግድ ነው። ብዙዎች በሩን ከፍተው ከውስጥ በኩል ይሞክራሉ። እዚያ ያለው ቀለም የፋብሪካው ሆኖ ውጪው ደግሞ ጋራዥ የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ ሙከራው ያታልላል። ስቲከሩ ባለበት በዚያው ቆርቆሮ ላይ፣ ታች በኩል ዓይን የማይገባ ቦታ ላይ ይሻላል። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ወይም ቦታው ከተለጣጠፈና ከደበዘዘ እዚያው ማቆም ነው። ተቀብቷል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ቆርቆሮ በትንሽ ማግኔት ፈትሹት። ወፍራም ስቱኮ ካለ ማግኔቱ በደንብ አይዝም።

አሴቶንም፣ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማጥፊያም ያው ነው። ፕላስቲኩን የፊት መብራት ደግሞ ጨርሶ አታስነኩት፤ ይሰነጠቃል፣ ይደፈርሳል።

«ምላጭ በጥንቃቄ ከያዙት ምንም አይል»

መስታወት ላይ ልክ ነው። የአምናውን ቦሎ ከፊት መስታወት ላይ በሳሙና ውሃ አርጥቦ በምላጭ መላጥ ይቻላል። የኋላው መስታወት ውስጥ ያሉትን የማሞቂያ መስመሮች ግን ተጠንቀቁ፣ ይቆረጣሉ። ቀለም ላይ ምላጭ አይነሳም። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ወይም ጥፍር ይበቃል።

«ሙቀት ቀለሙን አብሮ ይልጣል»

የሙጫው ዋና መድኃኒት ሙቀት ነው። የስቲከር ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። የፀጉር ማድረቂያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አራቁና እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። መለኪያው እጅ ነው፤ መዳፋችሁን አሳርፋችሁ መታገስ ካቃታችሁ አልፏል። ጋራዥ ያለው የሙቅ አየር መሣሪያ ሌላ ነገር ነው። ብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚያወጣ ላልለመደ እጅ አይሆንም። ፓራውልት ያጣምማል።

ከዚያ አንዱን ጫፍ አንስቶ ወደ ራሱ አጥፎ፣ ከቆርቆሮው ጋር ተቀራርቦ፣ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ወደ ላይ ነጥቆ መሳብ ደካማ የጋራዥ ቀለምን አብሮ ሊያነሳ ይችላል። «ሙቀት ልጠው» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ፀሐያችን ኃይለኛ ናት። ያረጀ ስቲከር ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሰባበራል። እሱን ትንሽ በትንሹ እያሞቁ ከማንሳት በቀር አቋራጭ የለውም።

«የምግብ ዘይት ምን ያደርጋል?»

ያደርጋል። በዛሬ የዘይት ዋጋ መኪና መቀባት እንደሚያም ይገባኛል፤ የሚበቃው ግን አንድ ሁለት ማንኪያ ነው። ጨርቅ ነክሮ በቀረው ሙጫ ላይ ማሳረፍ፣ ሩብ ሰዓት መተው፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማንከባለል። ሙጫው እየተጠቀለለ ይመጣል። ካልሆነ ድገሙት። በመጨረሻ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥቡት፤ አለበለዚያ ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል።

ለመጨረሻው ቅሪት 70 ፐርሰንት አልኮል ጨርቅ ላይ አድርጎ መጥረግ ይቻላል። ማርጠብ እንጂ ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። በቅርቡ የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ግን ይቅር።

«ያ የቀረው ጥላ ሙጫ ነው»

በዚህ ብዙ ቀለም ተበላሽቷል። ስቲከሩ ተነስቶ፣ ሙጫው ጠፍቶ፣ ጽሑፉ አሁንም ይነበባል። ከዚያ ላቫጆ ውስጥ ኦሞና ሻካራ ስፖንጅ ይወጣል፣ ይባስ ሲልም ብርጭቆ ወረቀት። ጥላው ግን ቆሻሻ አይደለም። በዙሪያው ያለውን ቀለም ፀሐይ ለዓመታት አደብዝዞታል፤ ስቲከሩ ሥር የነበረው ግን እንደነበረ አለ። ለመለየት ንጹህ ጣት አሳልፉበት። የሚያጣብቅ ነገር ከሌለ ሙጫ የለም፤ የሚታከመው ስቲከሩ የነበረበት ቦታ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው። ሙሉውን ስፖርቴሎ በደንብ ማፖለሽ ልዩነቱን ያጠብበዋል። በጣም የደበዘዘ ቀለም ላይ ግን ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

«አቧራውን በኋላ አጥበዋለሁ»

በፊት ነው የሚታጠበው። ግንባታ በበዛበት መሃል ከተማ የዋለ መኪና ላይ አሸዋ አለ። በዘይት ጨርቅ ሲያሹት አሸዋው ቀለሙን ይፍቃል።

«ተቀብቶ ሲወጣ ወዲያው አዲሱን መለጠፍ»

አዲስ ቀለም ለመንካት ቢደርቅም ውስጡ ያለው ኬሚካል ለሳምንታት ይተናል። ቢያንስ ለ30 ቀን ሳይለጠፍበት ይቆይ። የሰርግ አበባ የሚያዝበት ፕላስተርም እንደ ስቲከር ነው፤ «ጊዜያዊ ስለሆነ አይነካውም» ይባላል። በዚያው ማታ ከተነሳ እውነት ነው። ሙሽሮቹ ከመልስ እስኪመለሱ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ግን ከማሞቅና ከዘይት መጀመር ነው።