ካርቶኑ ላይ «200 ሜትር» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብዙ ሰው የእጅ ባትሪ ሲገዛ የሚሳሳተው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። «200 ሜትር» ማለት እስከዚያ ድረስ ጥርት አድርጎ ያሳያል ማለት አይደለም። በተለመደው መለኪያ፣ ጨረሩ ተዳክሞ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) የሚደርስበት ርቀት ነው፤ ይህም ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠውን ብርሃን ያህል ነው። ሰው መቆሙን ታይ ይሆናል እንጂ ማን እንደሆነ አትለይም። በግማሹ ርቀት ላይ ግን ብርሃኑ አራት እጥፍ ነው።

ሉመን ሌላ ነገር ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን። ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይነግርሃል። ስለዚህ ሉመናቸው እኩል ከሆነ ሁለት ባትሪዎች አንዱ ሩቅ ሲወረውር ሌላው እግርህ ሥር ሰፋ አድርጎ ሊያበራ ይችላል።

ደሴ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት፣ የተነቀለውን ኮብልስቶንና ክዳን የሌለውን ቦይ ለማየት እኔ የምመርጠው ሰፊውን ነው። ጠባቡ መሃሉን ብቻ ያደምቃል፤ ዓይንህ ደማቁን ሲለምድ ዳር ዳሩ ይብስ ይጨልምብሃል። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል፣ በተለይ ግንባር ላይ የሚታሰረውን፣ ምክንያቱም መብራቱ ከዓይንህ አጠገብ ነው። ያኔ በእጅህ ወገብህ አካባቢ ዝቅ አድርገህ ያዘው፣ ድምቀቱንም ቀንስ።

ስትገዛ ሱቁ ግድግዳ ላይ አብርተህ እየው፤ መሃሉና ዳሩ ቀስ እያለ የሚዋሃድ ከሆነ ለእግር መንገድ ይሆናል።