ኮድ ላይ ማደር ትጋት አይደለም

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን በላብራቶሪ ማገዝ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከአዲስ ገቢዎችም ከወላጆቻቸውም ደጋግሜ የሰማሁት፣ በሰማሁትም ቁጥር የሚያሳዝነኝ አባባል «ይህን ትምህርት የመረጠ ሰው እንቅልፍና ማኅበራዊ ኑሮ የለውም» የሚለው ነው።

ስሌቱን እናስቀድም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለእንቅልፍ 56፣ ለክፍልና ለላብራቶሪ 20፣ ለጥናትና ለአሳይመንት 30 ሰዓት ቢሰጥ እንኳ 62 ሰዓት ይተርፋል። እየሠራ የሚማር ሰው ይህ ትርፍ በሥራው ስለሚያልቅበት፣ የሚቀንሰው የሚመዘገብባቸውን ኮርሶች እንጂ እንቅልፉን መሆን የለበትም።

«ጎበዝ ፕሮግራመር የሚሠራው ሌሊት ነው» የሚለው እምነት ግን ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይተዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተነሣ ተማሪ 17ኛውን ሰዓት የሚሞላው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ግን አሳይመንታቸውን የሚጀምሩት ገና በዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ተማሪዬ የማስረከቢያው ቀን ሊደርስ ሲል እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት አንድ ስህተት ሲፈልግ አደረ። ቦታዎቹ ከ0 እስከ 9 በሚቆጠሩ ባለ አሥር ቦታ አሬይ (የዳታ ድርድር) ላይ የሚዞረው ሉፕ (ተደጋጋሚ ትእዛዝ) 9 ላይ መቆም ሲገባው እስከ 10 ይሄድ ነበር፤ «ያንሳል» በሚለው ምልክት ፈንታ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለውን ጽፎ ነበር። ሲ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከአሬዩ ወሰን አልፎ መጻፍን በራሱ ስለማይከለክል፣ አጠገቡ ያለው ሜሞሪ ይበላሽና ፕሮግራሙ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቋረጣል። ተማሪው ስህተቱን ሳያየው ቀርቶ ትክክለኛ የነበሩ ሦስት ፈንክሽኖችን (የፕሮግራሙን ክፍሎች) ለዋወጠ። በማግስቱ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ኮዱን መስመር በመስመር ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ስጠይቀው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ምልክቱ ላይ ደረሰ። ሌሊት ያፈረሰውን ለመመለስ ግን ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ምክንያቱም የሚሠራውን ቅጂ ጊት በተባለው የኮድ ቅጂ ማስቀመጫ ፕሮግራም አላስቀመጠውም ነበር።

«አሳይመንቱ ቀላል ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዱት፣ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ጊዜ ሲገምት ከልምዱ ይልቅ ምኞቱን ይከተላል። ስለዚህ ግምታችሁን በእጥፍ ያዙ፤ ጥያቄው በተሰጠበት ዕለትም ግማሽ ሰዓት ብቻ ተቀመጡና ወደ ፕሮግራሙ የሚገባውን ዳታና የሚጠበቀውን ውጤት በወረቀት ጻፉ።

«ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥኩበት ሰዓት ሁሉ ጥናት ነው።» አይደለም፤ የተቀዳ ትምህርት እያዩ ሌላ መስኮት መክፈት ጥናት ሊባል አይችልም።

«ከሰው ጋር ወይም ከኮምፒውተር ርቄ ያሳለፍኩት ጊዜ የባከነ ነው።» ይህም ልክ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ በሁለት ቦታዎች መካከል አጭሩን መንገድ የሚያገኘውን አልጎሪዝም (የስሌት ዘዴ) እ.ኤ.አ. በ1956 ያሰበው ከእጮኛው ጋር ገበያ ወጥቶ ሲደክመው አምስተርዳም ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ በ20 ደቂቃ ገደማ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከኮምፒውተር ሳይንስ መሥራቾች አንዱ የሆነው አለን ቱሪንግም እ.ኤ.አ. በ1947 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሮጧል፤ ይህም ያለ ብዙ ልምምድ የሚገኝ ሰዓት አይደለም።

የማስረከቢያው ዋዜማ ደርሶ ፕሮግራሙ እምቢ ካለ፣ ያለበትን ሁኔታ በጊት አስቀምጡ። ምን መውጣት እንደነበረበት፣ ምን እንደወጣና ምን እንደሞከራችሁ በሦስት መስመር ጽፋችሁ ተኙ፤ ጠዋት መጀመሪያ የምታነቡት ኮዱን ሳይሆን እነዚያን ሦስት መስመሮች ይሁን።