በሳይክል መድረስ፦ ጎንደር ላይ የሚወራው እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ «በሳይክል አዘዞ ልሄድ ነው» ብለህ ሞክር። ግማሹ ይስቅብሃል፣ ሌላው «ባጃጅ ጠፍቶ ነው?» ይልሃል። ክፋት የለባቸውም፤ የሚሉት ነገር ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ጎንደር ዳገት ነው፣ ለሳይክል አይሆንም»

ዳገቱስ አለ። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ሳይክል ገና ስላልተፈጠረ አይፈረድባቸውም። ከተማዋ ያለችው ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ሰውን ይበልጥ የሚያደክመው ግን አነዳዱ ነው። ብዙው ሰው ዳገቱ መሃል ገብቶ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሲሆንበት፣ ቆሞ እየረገጠ ማርሽ ሊቀይር ይታገላል፤ ካቴናው ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግርህ ገና ቀሎት እያለ ቀንስ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ቀስ። አልቻልክም? ወርደህ ግፋ። ቁስቋም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ድረስ ግማሹን ነድተህ ግማሹን ገፍተህ ብትወጣም ደርሰሃል፣ በር ላይ ቆሞ የሚቆጣጠርህ የለም።

«ደስታው ፍጥነቱ ላይ ነው»

ሳይክል ሲባል ውድድር ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። አይገርምም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ሳይክለኞች ነበሩን፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ደስ ይላል። አንተ ግን የምትሄደው ጉዳይህ ዘንድ ነው።

በእኔ እይታ ሰው ሳይክል ገዝቶ በወሩ ግድግዳ የሚያስደግፈው ያለ ጉዳይ ስለሚነዳ ነው። ለመላብ ብቻ ፒያሳን መዞር ይሰለቻል። አክስትህ አዘዞ ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ቡና ኋላ መጫኛው ላይ አስረህ ትነሳለህ፣ ታክሲ እስኪሞላ አትጠብቅም፣ ከረዳት ጋር ስለ መልስ አትጨቃጨቅም፣ ትደርሳለህ። «በምን መጣህ?» ስትልህ ሳይክሉን ታሳያታለህ። «ውይ በሞትኩት! ከዚያ ድረስ?» ብላ ውሃ ልታመጣ ስትሮጥ የሚሰማህ ነገር አለ። ማንም አላመጣህም፣ ራስህ ነህ የመጣኸው። እርካታው ይሄ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

«ጊዜ ይፈጃል»

ከመኪና መዘግየቱ እውነት ነው። አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ወደ 50 ደቂቃ ይወስድብሃል። መመለሻው ይረዝማል። የሚያስቸኩል ነገር ካለህ ታክሲ ያዝ፣ አቦ፣ ማንም አያስገድድህም።

«ቁልቁለቱ ዕረፍት ነው»

አዘዞ ከፒያሳ ዝቅ ያለ ነው። ስትሄድ ጀግና ነህ፣ ዳገቱ የሚጠብቅህ ስትመለስ ነው። ስለዚህ ጉልበትህን ሁሉ ስትሄድ አትጨርስ፣ ከመመለስህ በፊትም እህል ቅመስ፣ ውሃ ጠጣ። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን በልክ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ተጠቀም። የፊቱን ብቻ ድንገት ጨምድደህ ከያዝክ በጭንቅላትህ ትተከላለህ። ክረምት ላይ ጎማው ሲርስ ፍሬን ቶሎ አይዝም፣ ቀድመህ ጀምር።

«ውድ ሳይክል ያስፈልጋል»

ኮርቻውን አስተካክል፣ ጎማህን አስነፋ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ። በቃ። ኮርቻው ልክ መሆኑን ለማወቅ ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው። ብዙዎች ኮርቻውን ዝቅ አድርገው እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይነዱና «ሳይክል ጉልበት ይገላል» ይላሉ።

«ሩቅ ካልሄድክ አይቆጠርም»

ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ላይ ጣና አለ፤ መመኘቱ አይከፋም። መጀመሪያ ግን እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ደርሰህ ተመለስ። ከከተማ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች ጠይቅ። ካልሆነ ሌላ ቀን፣ ጎርጎራ የትም አይሄድም።

«ለሴት አይሆንም»

ይሄ መልስም አያሻው። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ካቴናው እንዳይበላው ሰብሰብ ማድረግ ነው። ጋቢ ለብሶ የሚነዳ ወንድም ያው ነው።