«ካርዱን ጨርሷል» ብሎ በር መዝጋት

የፖሊዮ ዘመቻ በወጣን ቁጥር ደሴ ዙሪያ የምሰማው አንድ ነው፤ «ልጄ የክትባት ካርዱን ጨርሷል፣ ሲደጋገም ይጎዳዋል»። ጆሮዬ እስኪሰለች ሰምቼዋለሁ።

አይጎዳም። በተወለደ ሰሞን፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጠብታው የሚደጋገመው አንዱ ብቻ ስለማይበቃ ነው። ጠብታው የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ልጁ ተቅማጥ ካለው ላይዝለት ይችላል። የያዘለት ልጅም ቢጨመርለት ምንም አይሆንም።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፖሊዮ ቫይረስ ሦስት ዓይነት ነው። ከሚያዝያ 2008 ዓ.ም ወዲህ በመደበኛው የሚሰጠው ጠብታ የሚከላከለው ዓይነት 1ን እና 3ን ብቻ ነው። የፖሊዮ መርፌው ዓይነት 2ንም ይዟል፤ ልጁን ከሽባነት ያድነዋል። ቫይረሱ አንጀቱ ውስጥ ተራብቶ ወደ ጎረቤት ልጅ እንዳይሻገር ግን እምብዛም አያግድም። በቅርብ ዓመታት አገራችን ላይ ያስቸገረው ደግሞ ይኸው ዓይነት 2 ነው። ዘመቻው ብዙ ጊዜ ለእሱ ነው፤ ካርዱ ላይ የሌለ ጠብታ ነው ይዘን የምንመጣው።

አንዲት እናት ካርዱን ከሳጥን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ሁሉም ተሞልቷል። «አብሽሪ፣ እኔ ሰነፍ እናት አይደለሁም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዓይነት 2ን ነገር ስነግራት ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማ አፉን ራሷ ከፈተች። ሁለት ጠብታ፣ የግራ እጁ ትንሽ ጣት ላይ ቀለም፣ አለቀ።

«መካን ያደርጋል» ሐሰት ነው።

«ጉንፋን ይዞታል፣ ይቆይ።» አይቆይም። ቀላል ትኩሳትም አይከለክልም። ወዲያው ጡት ይጥባ። እዚያው ካስመለሰው ይደገምለታል።

«ፖሊዮ ከአፍሪካ ጠፍቷል፣ ያለው ከክትባቱ የመጣ ነው።» ይህ ግማሽ እውነት ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም ከአፍሪካ ጠፋ የተባለው የተፈጥሮው ቫይረስ ነው። በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ባልተከተቡ ልጆች መሀል ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ጉልበት መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ሁሉም ልጅ ከተከተበ መሄጃ ያጣል። በር የሚከፍትለት ያልተከተበው ልጅ ነው፤ ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው።

«ሙቀት ያበላሸዋል» ለሚሉ፦ እውነት ነው፣ ለዚህ ነው በበረዶ ሳጥን የምንዞረው። ብልቃጡ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ ከክቡ ከነጣች ደህና ነው። የክቡን ቀለም ከያዘች ወይም ከጠቆረች አይሰጥም። «አሳዩኝ» በሉ፤ መብታችሁ ነው።

ባቲ ያላችሁ፣ ሰኞ ገበያ ወጥታችሁ ቡድኑ ካለፋችሁ ዘመቻው ሳይዘጋ ልጁን ጤና ኬላ ውሰዱት።