ስኮትላንድ በውጭ ያሉ ልጆቿን እንዴት ትጣራለች?

ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በውጭ ሆኖ «ዘሬ ከዚያ ነው» የሚለው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የአገሪቱ መንግሥት እስከ 40 ሚሊዮን የሚደርስ ግምት ሲጠቅስ ቆይቷል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ከአገሩ የወጣበት ምክንያት አንድ አይደለም። ሥራ ፍለጋ የሄደ አለ፣ ድህነት ያባረረው አለ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሰሜኑ ተራራማ ምድር ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን አፈናቅለው መሬቱን ለበግ እርባታ አዋሉት። በ1773 ሄክተር የተባለች መርከብ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ጭና ካናዳ ደረሰች። ያረፉበት ክፍለ ሀገር ስሙ ኖቫ ስኮሺያ ነው፤ በላቲን «አዲሲቱ ስኮትላንድ» ማለት ነው። የኒውዚላንዷ ከተማ ደኒደንም ስሟን ያገኘችው የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ በአገሩ የጌሊክ ቋንቋ ከምትጠራበት ስም ነው።

እነዚህን ሰዎች የማስታወሱ ሥራ መጀመሪያ የመጣው ከአገር ቤት ሳይሆን ከራሳቸው ነው። ሚያዝያ (ኤፕሪል) 6 የሚከበረው የታርታን (የስኮትላንድ ባለ መስመር ጨርቅ) ቀን ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀኑ የተመረጠው የስኮትላንድ መኳንንት በ1320 ስለ ነፃነታቸው ለካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤ የጻፉበት ስለሆነ ነው። በዓሉ ግን የተወለደው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ነው። ኖቫ ስኮሺያ በ1987 ጀመረችው፤ የአሜሪካ ሴኔት በ1998 እውቅና ሰጠው። ኒውዮርክ ላይ ባግፓይፕ የሚባለው ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ እየተነፋ፣ ኪልት (የወንዶች የታርታን ጉርድ) የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል። ኤድንብራ ውስጥ ያን ቀን ብትሄዱ ይህን ያህል ግርግር አታገኙም።

ስለ ታርታን ካነሳን፣ ያ ባለ መስመር ጨርቅ የራሱ ጉድ አለው። የመንግሥት ጦር የሰሜኑን ደገኞች አመፅ ከደመሰሰበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ፣ በ1746፣ የደገኞቹ ልብስ ከወታደር በቀር ለወንዶች በሕግ ተከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት አቀባበሉን በታርታን አሸበረቀው። ንጉሡ ራሱ ኪልት ለበሰ። ዛሬ «የቤተሰቤ ታርታን» ተብሎ የሚገዛው ንድፍ ብዙው ከዚያ ዘመን ወዲህ የመጣ ነው። መንግሥት ከ2009 ጀምሮ የታርታን መዝገብ ይይዛል። ማንም ሰው አዲስ ንድፍ አውጥቶ ማስመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ልማዱ አሁንም እየተሸመነ ነው ማለት ይቻላል።

ለእኔ ከኪልቱ ይልቅ የሚገርመኝ መዝገብ ቤቱ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መንግሥት ዘንድ መመዝገብ የጀመረው ጥር (ጃንዋሪ) 1 ቀን 1855 ነው። የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ጉድ ነው። ልጅ ሲወለድ የወላጆቹ ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበት ቀን፣ ሌሎች ልጆች በሕይወት ይኑሩ ወይም ይሙቱ፣ ሁሉም ይጻፋል። መዝጋቢዎቹ አልቻሉትም፤ በቀጣዩ ዓመት ብዙው ጥያቄ ተቀነሰ። ስለዚህ ቅድመ አያቱ በ1855 የተወለደለት ሰው ሎተሪ እንደወጣለት ነው። በአሮጌዎቹ መዛግብት ያገባች ሴት የአባቷ ስም አለመጥፋቱም ፈላጊውን ያግዘዋል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ይህን ሁሉ በኢንተርኔት ከፍቶታል። አውስትራሊያ ቁጭ ብሎ የአያትን ፊርማ ማየት ይቻላል።

ዘሩን ያገኘ ሰው አገሩን ማየት ይፈልጋል። መንግሥትም ይህን ያውቃል። ሮበርት በርንስ የተባለው ገጣሚ የተወለደበት 250ኛ ዓመት በ2009 ሲከበር «ወደ ቤት ኑ» ብሎ ዓመቱን ሙሉ ጠራቸው። በሐምሌ ኤድንብራ ላይ በተደረገው ትልቅ የጎሳዎች መሰባሰብ ወደ 47,000 ሰው ተገኘ። ድግሱ ደመቀ፣ ሒሳቡ ግን ከሰረ፤ ያዘጋጀው ኩባንያ ዕዳ ተሸክሞ ፈረሰ። ጥሪው በ2014 ተደገመ።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። እንግዳው የሚፈልገው ቤተ መንግሥትና ጭጋጋማ ተራራ ነው። አገሪቱ ደግሞ በ1999 ዳግም የተቋቋመ ፓርላማዋን፣ የነፋስ ኃይሏን፣ በ1996 ከሌላ በግ ሴል የተቀዳችውን በግ ዶሊን ያስገኙ ሳይንቲስቶቿን፣ የዳንዲ ከተማን የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች ማሳየት ትሻለች። በ2001 የተጀመረው ግሎባልስኮት የተባለው የነጋዴዎች መረብ ለዚህ የተሠራ ነው። በውጭ አገር ሆነው በንግድ የተካኑ ሰዎች እነሱ ወዳሉበት ገበያ ለሚገቡ የስኮትላንድ ኩባንያዎች በነፃ ይመክራሉ። በ2023 የወጣው የመንግሥት ማዕቀፍ ደግሞ በሩን ይበልጥ ከፈተው። በዘር ብቻ አይደለም፤ እዚያ የኖረ፣ የተማረ፣ ወይም አገሪቱን የሚወድ ሰው ሁሉ ወዳጅ ተብሎ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚሰበስበው ግን ጥር (ጃንዋሪ) 25 የሚከበረው የበርንስ እራት ነው። ገበታው ላይ ሀጊስ ይቀርባል፦ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር ተከትፎ በጨጓራ ውስጥ የተቀቀለ። ዱለት ለለመደ ሰው ብዙ አያስደነግጥም። አሜሪካ ግን ሳንባ ለምግብ እንዳይውል በ1971 ከልክላለች። ስለዚህ እዚያ ያሉት የስኮትላንድ ልጆች ሳንባውን ትተው ይሠሩታል። ከዚያ የበርንስን ግጥም እያነበቡለት በቢላ ይከፍቱታል።